እናትሽ የውብዳር

እህቴ ሃሴት ከምንኖርበት ከሲያትል ፈረንሳይ አገር ሄዳ በብስክሌት ልትጓዝ መሆኗን ስትነግረን መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «የስካይዌይን ዳገት ገፍተሽ የምትወጪ ልጅ፣ ፈረንሳይን ልታቋርጫት?» አልኳት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ጥርስ ሐኪም ቤት ነው፤ የሰው ጥርስ ስታጸዳ ትውላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የዕረፍት ቀኗን ሳትነካ አጠራቅማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሐይቁ ዳር ስትለማመድ ከርማለች። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የሳቅኩት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ያልገባኝን ነገር በሳቅ እገፋዋለሁ።

እናታችን አልሳቀችም። እማዬ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። «ሂጂ» አለቻት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሎዋር የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ነው እያልኩ አስተምሬያለሁ። ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ ሄዶ ይይልኝ።»

እማዬ የምትኖረው ከእኔና ከባለቤቴ ከሣህሊቱ ጋር ነው። ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ አታወራም፤ ትጽፋለች። አጻጻፏ ደግሞ የደብዳቤ ነው። ከላይ «ለውድ ልጄ» ትላለች፣ ከታች ትፈርማለች። እኔ ኤቨረት ከተማ አውሮፕላን ፋብሪካ ሥራ ላይ ሆኜ «ስትመለስ ሽንኩርት ግዛ» ብላ ስትልክልኝ እንኳ መጨረሻው ላይ «እናትህ የውብዳር» የሚል አለበት። የፋብሪካ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር።

ሃሴት ጉዞዋን የጀመረችው ግንቦት ውስጥ በአንድ ቅዳሜ፣ ሻሎን ከምትባል ከተማ ነው። ዕቅዷ በውኃ ቦይ ዳር ዳሩን እስከ ኔቬር፣ ከዚያ ሎዋርን ተከትላ እስከ ናንት ከተማና እስከ ባሕሩ መውረድ ነበር። ማታ ማታ ፎቶ ትልካለች፤ በእኛ ጠዋት ነው የሚደርሰን። አንዱ ፎቶ ላይ ቦዩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ከላይ ገጥመዋል፣ ሰው የሚባል የለም። ሌላው ላይ ነጫጭ ከብቶች ሣር ውስጥ ተኝተዋል። ሌላው ደግሞ መስኮቱ ሁሉ የተዘጋ መንደር ነው፤ መሀል መንገድ ላይ አንዲት ድመት ተዘርግታለች። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ ታየዋለች። «ሰዉ የት ሄደ?» ብላ ጻፈችላት።

«እማዬ፣ ሰው የለም። ጸጥ ያለ አገር ነው» ብላ መለሰችላት። «ከራሴ ጎማ በቀር የምሰማው ነገር የለም።»

ሰኞ ዕለት የላከችው ፎቶ ግን የመቃብር ቦታ ነው። የድንጋይ መስቀሎች፣ ግድግዳው ሥር አንድ አረንጓዴ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ሥር ሁለት የውኃ ጠርሙሶች። «ሰኞ ሱቁም ዳቦ ቤቱም ዝግ ነው፣ ውኃ አለቀብኝ» ብላለች። «ሶ እዚህ ብስክሌተኞች የሚያደርጉትን አደረግኩ። ለአበባው ተብሎ መቃብር ቦታ ሁሌም ቧንቧ አለ።» ቦዩ አጠገቧ እየፈሰሰ! «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብዬ ላኩባት። እማዬ ግን ከልቧ ተቆጣች። ቁርሷን ትታ ቁጭ ብላ ጻፈች፦

«ለውድ ልጄ ለሃሴት። ከመቃብር ቦታ ውኃ አይጠጣም፤ የሙታን ድርሻ ነው። የሰው በር አንኳኪና ጠይቂ። ውኃ የሚከለክል ክርስቲያን የለም። እናትሽ የውብዳር።»

በገዛ እጇ የጻፈችው የመጨረሻው ይኼ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከመኝታ ቤቷ እስከ ኩሽና መድረስ አቃታት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ አገኘናት። አምቡላንስ መጣ። ኮረብታው ላይ ካለው ሆስፒታል ስንደርስ ልቧ ደክሟል፣ ሳንባዋም ውኃ ቋጥሯል አሉን። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ሲያደርጉላት ትንሽ ቀለል አላትና መጀመሪያ የጠየቀችው ስልኳን ነው። ፊደሉን መምታት አቃታት። «አንተ ጻፍልኝ» አለችኝ። «‹ትንሽ ድካም ቢጤ ነው፣ ደህና ነኝ› በላት። መንገድ ላይ ናትና አታስደንግጣት። ፊርማዬን እንዳትረሳ።»

ጻፍኩ። ቃሉ የእሷ፣ ጣቱ የኔ። አልረሳሁም፣ ፈረምኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሐኪሟ እኔንና ሣህሊቱን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችን። ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ካርቶን ነበር፤ እሱን ሳይ ገባኝ። መድኃኒቱ የተጠበቀውን ያህል አልሠራም፣ ሩቅ ያለ ቤተሰብ ካለ ዛሬውኑ ጥሩት አለች። ሣህሊቱ ወዲያው ስልኳን አወጣች። እጇን ያዝኳት። «ቆይ፣ ጋሽ መልከጸዴቅ ይምጡ» አልኩ።

ጋሽ መልከጸዴቅ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሲያትል ውስጥ የሐበሻ ቤት መርዶ የሚገባው በእሳቸው እጅ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሆናቸው። በስልክ አይነግሩም። ማለዳ፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው በር ያንኳኳሉ። እሳቸው በር ላይ የቆሙበት ሰው አንድ ቃል ሳይነገረው ያውቀዋል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ ሁልጊዜ። መጡ፤ እማዬን ግንባሯን ስመው ወደ ኮሪደሩ ወጡና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጅቷ አሁን በምን ላይ ናት?»

«ብስክሌት ላይ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ያዙ። «ፍጹምን ረሳኸው? አባቱ ሲያርፍ በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። እየነዳህ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። አይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ እየነዳ ነበር።» ፍጹምን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። «ያን ቀን ምዬአለሁ። አሁን ደግሞ ይቺ ልጅ፣ በሰው አገር፣ በሁለት ጎማ፣ ብቻዋን፣ ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋች! ድንጋጤው ይጥላታል። አንዱን ሐዘን ሁለት ልታደርጉት ነው?»

«ጋሽ መልከጸዴቅ» አለች ሣህሊቱ፣ «ሃያ አራት ሰዓት ብስክሌት ላይ አይደለችም እኮ። ማታ ሆቴል ስትገባ ኮል እናድርግላትና ‹እማዬ ታማለች፣ ነይ› እንበላት። ሞተች አላልንም፤ ታማለች ነው ያልነው። እውነትም ታማለች!»

«‹ታማለች ነይ› ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ አለ?»

ሣህሊቱ ስልኳን መልሳ ከተተች። እውነታቸውን ነበር። እኛው ስንት ዘመን «ታሟል» እያልን የሞተ ሰው ስናስጠራ ኖረን፣ የታመመ ሰው ስናገኝ የምንለው ቃል ጠፋን።

ያ መንገድ ላይ ጭነት መኪና ቀርቶ ዶሮ እንደሌለ አምስት ቀን ሙሉ በፎቶ አይቻለሁ። ግን አልተናገርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት መኪናውን አይደለም። ስልኩ ውስጥ ስትጮህ መስማቱን ነው የፈራሁት። ጋሽ መልከጸዴቅ ለፈሪነቴ የሽማግሌ ካባ አለበሱልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ለበስኩት። ጉዞዋን ጨርሳ ስትመለስ ይነገራታል ተባለ። ሣህሊቱ «ተው አብዮት፣ እህትህ ይቅር አትልህም» ብላኝ ወደ ቤት ሄደች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እማዬ ዓይኗን ገልጣ እጄን ሳበችኝ። «ሃሴትን ጥሯት» አለች።

«ተጠርታለች እማዬ። እየመጣች ነው።»

እንዴት ቀለለኝ! አንድ ጊዜ እንኳ ምላሴ አልተያዘም።

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኪሴ ውስጥ የእማዬ ስልክ ነዘረኝ። ፈረንሳይ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነው። ፎቶ የለውም።

«እማዬ፣ ትናንት በሕልሜ መንጋጋዬ ሲወልቅ አየሁ። ሥራዬ ጥርስ ስለሆነ ነው ብዬ ልተወው ነበር፣ እሱ ግን አልተወኝም። ኔቬር ደርሻለሁ። ከዚህ ፓሪስ በባቡር ሁለት ሰዓት ነው። ነገ ጠዋት አውሮፕላን አለ፣ ነገ ቀትር ላይ ሲያትል ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ልምጣ?»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። «ነይ» ለማለት ሁለት ፊደል ይበቃ ነበር። ጋሽ መልከጸዴቅ ጋ ደወልኩ፤ ጸሎት ላይ ስለነበሩ ጠበቅኳቸው። አነበብኩላቸው።

«ጠርጥራለች» አሉ። «አሁን ‹ነይ› ካልካት አለቀ። ባቡር ጣቢያው ድረስስ በምንድን ነው የምትሄደው? በብስክሌቱ አይደለም? ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እየተጣደፈች! አረጋጋት ልጄ። አረጋጋት።»

የሆስፒታሉ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እየሰረዝኩ፣ እንደገና እየጻፍኩ። እማዬን መምሰል ነበረበት፤ ስለዚህ እማዬ የምትለውን ፈለግኩ። ሁሉንም ጨምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

«ለውድ ልጄ ለሃሴት። ሕልም እንደ ፈቺው ነው። ስንት ሰው ጥርስ ውስጥ እጅሽን ስትከቺ ውለሽ ሌላ ምን ልታልሚ ኖሯል? እኔ ደህና ነኝ። መንገድሽን ጨርሺ። ሎዋርን እስከ ባሕሩ እይልኝ። እናትሽ የውብዳር።»

ልኬው ሳበቃ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። ቁርጥ እማዬን ነበር።

ዓርብ ዕለት እማዬ ሙሉ ቀን በሩን ስታይ ዋለች። ነርሷ በገባች ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርግና ትመልሰዋለች። «የት ደረሰች?» ትለኛለች። እኔም የሃሴትን መልእክት እያየሁ የከተሞቹን ስም እጠራላት ነበር። ኔቬር አልፋለች። ላ ሻሪቴ ደርሳለች። ፎቶውን ሳሳያት ወንዙን ተመለከተችው።

«በብስክሌት ነው እንዴ የምትመጣው?» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደችም። መልስ ትጠብቅ ነበር።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። ዓይኗን የከደነቻት ሣህሊቱ ናት፤ እኔ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ አንድ ቀን ነው። ቀብሩ ሃሴት እስክትመጣ እንዲቆይ ተደረገ። ጋሽ መልከጸዴቅ ለእድሩ አባል ሁሉ ደወሉ፤ ማንም ሰው ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» እንዳይል፣ ማንም ለሃሴት እንዳይጽፍ። ከኤቨረት እስከ ሬንተን ሦስት መቶ ሰው ያውቃል፣ አንድም ቃል አላፈተለከም። በዚህ በዚህ ጎበዞች ነን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እሷ ፎቶ ትልካለች፣ እናቷ ትመልሳለች። ቀይ አበባ የወረሰው ሜዳ ሲመጣ «እግዚአብሔር ሲፈጥር አይሰስትም» ብዬ ጻፍኩ። ወንዙ መሀል አሸዋ ላይ የቆሙ ወፎች ሲመጡ ስማቸውን ጠየቅኳት። ለቀስተኛ እንዳያየኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው የምጽፈው። አንድ ቀን እንደገና የመቃብር ቦታ ቧንቧ ላከች። ድካም ይሁን ምን አላውቅም፣ ምንም ሳላስብ «ንጹሕ ውኃ ይመስላል፣ ደህና አድርገሽ ጠጪ» አልኳት። ወዲያው መለሰች። «ኦ ማይ ጋድ! እማዬ ለመደችው!» ብላ ስትስቅ የሚያሳይ ምስል ጨመረችበት። በመጨረሻ የፊት ጎማዋን ባሕር ውስጥ ነክራ፣ ሁለት እጇን ሰቅላ የተነሳችው ፎቶ መጣ። «እልልልል» ብዬ ፈረምኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከኤርፖርት ተቀበልኳት። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ከስታለች፣ አምሮባታል። ብስክሌቷ ፈርሶ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ነበር። ካርቶኑን መኪናው ላይ ስንጭን «እማዬስ?» አለችኝ።

«ጉንፋን ይዟታል። እንዳታጋባብሽ ነገ ጠዋት ነይ ብላለች።»

«ኦኬ፣ ሶ ማስክ አደርጋለሁ። እንሂድ በቃ።»

«ነገ አልኩሽ እኮ» አልኩና ተቆጣኋት። ስዋሽ ቁጣ ይቀናኛል። ሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ያለው አፓርታማዋ አደረስኳት። ካርቶኑን ሊፍቱ ውስጥ ማስገባት ስላልቻልን እኔ ጋራዥ ይቀመጥ ተባባልን። ስንለያይ አንድ ረጅም ጥቅል አሳየችኝ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛችው የትምህርት ቤት ካርታ ነው፣ ወንዞቹ በሰማያዊ የተሳሉበት። «ለእማዬ» አለች።

በማግስቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሯ ላይ ቆምን። ጋሽ መልከጸዴቅና ሦስት ሽማግሌዎች ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከኋላ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ጫማዋን አድርጋ፣ ካርታውን ብብቷ ውስጥ ይዛ ልትወጣ ነበር። እማዬ ጋ ልትመጣ ነበር። ጋሽ መልከጸዴቅን አየቻቸው። ነጠላዎቹን አየች። እሳቸው «ልጄ» ብቻ ነው ማለት የቻሉት። የቀረውን አልተርክም።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ጋብ ሲል፣ ሃሴት እማዬ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ጠራችኝ። «ስልኳን ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት። ከፍታ የእማዬንና የራሷን ደብዳቤ አወጣችና ከታች ጀመረች።

«ይኼ?» አለች። ባሕሩ ላይ የነበረው እልልታ ነው።

«የኔ ነው» አልኳት። አጠፋችው።

«ይኼ?»

«የኔ።»

አጠፋችው። ወፎቹ ሄዱ፣ የአበባው ሜዳ ሄደ። የመቃብሩ ውኃ ጋ ስትደርስ አልጠየቀችኝም። «ይኼን እንኳ ማወቅ ነበረብኝ» ብላ ራሷ አጠፋችው። እንዲህ እያለች ሕልሙ ጋ ደረሰች። ጣቷ ቆመ። ቀኑን አየች።

«ሐሙስ» አለች። «እማዬ ያረፈችው ቅዳሜ ነው አላላችሁኝም?»

«ቅዳሜ ነው።»

«ሐሙስ ትናገር ነበር?»

«ትናገር ነበር።»

«ምን አለች?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ደከመኝ። «ረቡዕ ‹ሃሴትን ጥሯት› አለችኝ» አልኩ። «እየመጣች ነው አልኳት። ዓርብ ዕለት የት ደረሰች እያለች ስትጠይቀኝ ዋለች።»

አላለቀሰችም። ሌላው ቢቀር ብትመታኝ እመርጥ ነበር። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ባቡር ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩላት። ቲኬቴን ይዤ ነበር። አንዱ ባቡር አመለጠኝ፤ መነጽሯን እየፈለገች ይሆናል አልኩ። ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው አልኩ። ሁለተኛው ሊነሳ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መልስህ መጣ። ቲኬቱን ካንስል አደረግኩት። ዓርብ ቀትር እዚህ እገባ ነበር።»

«ፈርተን ነው ሃሴት። ብስክሌት ላይ ስለሆንሽ…»

«ብስክሌት ላይ አልነበርኩም» አለች።

«ከዚያ በላይ ያለው የማክሰኞው ነው፣ ቃሉ የእሷ ነው» አልኩ። «የሰኞው በሙሉ የእሷ ነው። ይኼን የሕልሙን በእናትሽ አጥፊው።»

«አላጠፋውም።» ተነሥታ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እማዬ ስትናፍቀኝ የሰኞውን አነባለሁ። አንተ ስትናፍቀኝ ደግሞ ይኼን አነባለሁ።»

ብስክሌቷ ያለበት ካርቶን እስከ ዛሬ እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው። ልትወስደው አልመጣችም።